በመካከል ያለው ጦርነት የት ገባ?

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ የበረራ ዘመን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አንዴ ስላስደሰተኝ፣ አንዴ ደግሞ ቅር ስላለኝ። ስለ አየር ኃይል በጋዜጦቻችን የሚወጣው አብዛኛው ነገር የአውሮፕላን ግዢና የምረቃ ሰልፍ ስለሆነ፣ ለአንድ በራሪ መኮንን አንድ ሙሉ ገጽ መስጠታችሁ ያስመሰግናችኋል። ቅሬታዬ የሚጀምረው «በሁለት ጦርነቶች የበረሩ ጀግና» ከሚለው ርእስ ነው። ጽሑፉ ከኦጋዴን ይነሣና በአንድ አንቀጽ ዝላይ ግንቦት 1990 ዓ.ም.፣ የባድመው ጦርነት ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል ግን ሃያ ዓመት አለ፤ በእነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥም ሌላ ጦርነት፣ በኤርትራ የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት አለ። ኮሎኔሉ በዚያም ጦርነት በርረዋል፣ ተመትተው ወድቀዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረኩትም በዚያ ነው። እናንተ «ሁለት ጊዜ የተማረኩ» ብላችሁ የመጀመሪያው የት እንደሆነ ስላልጻፋችሁ፣ ጽሑፉን ከእኔ ጋር ያነበበው የልጅ ልጄ ሶማሊያ ውስጥ የተማረኩ መስሎት ጠየቀኝ። ልጁ አልተሳሳተም፤ ከጽሑፋችሁ የሚገኘው ስሜት እርሱ ነው።

እኔ በራሪ አልነበርሁም። ቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) በሚገኘው የሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ጣቢያ የምድር ቴክኒሽያን ሆኜ ወጣትነቴን የጨረስሁ፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ኮሎኔሉ ወዳጄ ነበሩ ብዬ በስማቸው ላይ የራሴን ጨዋታ ልጨምር አልፈልግም፤ ስለ እሳቸው የማውቀው በአየር ኃይል ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው። ከምድር ሆኖ ስለሚጠብቅ ሰው ግን አንድ ነገር ልናገር እችላለሁ። ተዋጊ ጄት ለግዳጅ ከመውጣቱ በፊት በመሣሪያዎቹና በእግሮቹ ላይ የተሰኩት የደኅንነት ፒኖች ይነቀላሉ። በየፒኑ ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ቴክኒሽያኑ ይነቅላቸዋል፣ ከፍ አድርጎ ለበራሪው ያሳየዋል፣ ከዚያም ይዟቸው ይጠብቃል፤ አውሮፕላኑ ሲመለስ መልሶ ይሰካቸዋል። ባልተመለሰ ዕለት ፒኖቹ እዚያው ከእርሱ ጋር ይቀራሉ። ለእኛ የበራሪ መጥፋት ከሐዘን በፊት የሂሳብ ጉድለት ነው፤ የወጣውና የገባው አልገጠመም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚሁ ካልገጠመ ሂሳብ የሚነሣ ነው።

ስለ ኦጋዴን የጻፋችሁት በአመዛኙ ደኅና ነው። ነገር ግን አየር ኃይላችን በአውሮፕላን ብዛት እንደበለጠ የሚያስመስለው ዐረፍተ ነገር መታረም አለበት። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መደበኛ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ፣ ሶማሊያ በሶቪየት ኅብረት የታጠቀች፣ ሚግ-17 እና ሚግ-21 ተዋጊዎች የነበሯት አገር ናት። በእኛ በኩል ለአየር ለአየር ውጊያ የሚታመኑት ኤፍ-5ኢዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያ ላይ ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ወር ያህል ሲቀረው፣ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም.፣ መንግሥት የአሜሪካን ወታደራዊ ተልእኮና የአስመራውን የቃኘው ጣቢያ ዘግቶ ሠራተኞቻቸውን አስወጥቶ ነበር፤ የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታም ቆመ። መለዋወጫው የሚመጣበት በር ስለተዘጋ ከቆመው ፈትቶ ለሚበርረው መግጠም የየሌሊቱ ሥራ ሆነ። ብልጫ ነበረ ከተባለ፣ ብልጫው ለብዙ ዓመታት በደብረ ዘይት ሲገነባ በቆየው ሥልጠና ነው።

ኤፍ-5ኢ ትንሽና ቀላል አውሮፕላን ነው፤ ሁለት ሞተር፣ በአፍንጫው ሁለት 20 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ በክንፎቹ ጫፍና ጫፍ ሙቀትን ተከትለው የሚሄዱ ሳይድዋይንደር ሚሳይሎች አሉት። ቀጥ ብሎ በመሮጥ ከሚግ-21 ጋር አይገናኝም፤ የሚግ-21 ፍጥነት ከድምፅ ሁለት እጥፍ ሲሆን የኤፍ-5ኢ አንድ ከስድስት አሥረኛ ያህል ነው። ስለዚህ በራሪው ጠላቱን ወደ ሩጫ ሳይሆን ወደ መታጠፍ መሳብ ነበረበት፤ እዚያ ላይ ትንሹ አውሮፕላን ጌታ ነው። በዛብህ ጴጥሮስ፣ ለገሠ ተፈራ፣ ባጫ ሁንዴና ጓዶቻቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሰማዩ በእጃችን ከሆነ በኋላ የሶማሊያ ታንኮችና የስንቅ መኪናዎች በበረሃው መንገድ ላይ ቀን ለቀን መንቀሳቀስ አልቻሉም፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የተቃጣው ጥቃት ሲመከት የአየር ኃይሉ ድርሻ ከፍተኛ ነበር። ሆኖም ሰማይን መያዝ መሬትን መያዝ አይደለም። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ወድቃ የተመለሰችው የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ጦር ከደረሰ በኋላ የካቲት 26 ቀን መሆኑን ጽሑፋችሁ በግማሽ ዐረፍተ ነገር አልፎታል። ለኩባ ወታደሮች ሁለት ዐረፍተ ነገር ብትጨምሩ ለበራሪዎቻችን የሚገባው ክብር አይቀነስም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሙያ ለውጥ ጨርሶ አለመጻፋችሁ ገርሞኛል፤ ለእኔ እንደ ባለሙያ ከሁሉ የሚደንቀው እርሱ ነውና። በአሜሪካ አሠራር የሠለጠነ አንድ ትውልድ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ሶቪየት አውሮፕላኖች ተሻገረ። ከፍታን በጫማ፣ ፍጥነትን በኖት ሲያነብ የኖረ ሰው ሜትርና ኪሎ ሜትር በሰዓት ማንበብ ጀመረ። የአውሮፕላኑን ማዘንበል የሚያሳየው መሣሪያ እንኳ በተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ በአሜሪካኑ ላይ የአድማሱ መስመር ሲያዘነብል ይታያል፣ በሶቪየቱ ላይ ደግሞ አድማሱ ቀጥ ብሎ ይቆምና የአውሮፕላኑ ምስል ያዘነብላል። በደመና ውስጥ ወይም በሌሊት ለሚበርር ሰው ይህ ተራ ልዩነት አይደለም፤ እጁ ለዓመታት የለመደውን አንዴ ካደረገ የሚያርምበት ጊዜ ላይኖረው ይችላል። ሚግ-23ን ደግሞ አስቡት፤ ባለ አንድ ሞተር፣ ክንፉ እንደ በረራው ሁኔታ ወደፊትና ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ከኤፍ-5 እጅግ የከበደ አውሮፕላን ነው። ኮሎኔሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግረው በሁለቱም ጦር ሜዳ የዋሉ መሆናቸው ብቻ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። (በነገራችን ላይ፣ በገጹ ላይ ያተማችሁት ፎቶግራፍ ከሥሩ «ሚግ-23» ይላል። በክንፎቹ ጫፍ ሚሳይል የተሸከመው ያ አውሮፕላን ኤፍ-5 ነው፤ እኔ በጨለማ ብዳብሰው አልሳሳትም።)

አሁን ወደ ዘለላችሁት ጦርነት ልምጣ። በ1976 ዓ.ም. ገደማ ኮሎኔል በዛብህ በሰሜን ግንባር ተመትተው በሻዕቢያ እጅ ወደቁ። ይህን ማንም የደበቀው ነገር የለም፤ በ1990 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዙ የውጭ የዜና ማሰራጫዎች ሳይቀሩ ያስታወሱት ነው። ታዲያ ስለ ምን ተዘለለ? የዝግጅት ክፍሉን በክፋት አልጠረጥርም። የሚመስለኝ፣ የኦጋዴንን ጦርነት ለመተረክ ቀላል ነው፤ ወራሪ ነበረ፣ ተመለሰ። የ1990ውም እንዲሁ በባድመ ጉዳይ አንድ ልብ ሆነን የቆምንበት ነበርና ለመተረክ አይከብድም። የሰሜኑ ግን እንዲህ አይደለም። ለእኛ ለወታደሮቹ የአገር አንድነት ጦርነት ነበር፣ በዚያ በኩል ላሉት የነፃነት ትግል፣ በ1983 ዓ.ም. ሥልጣን ለያዙት ደግሞ «የደርግ ጦርነት»። ሠራዊቱ ሲበተን ጦርነቱም ከነወታደሩ የአንድ ወገን ንብረት ተደርጎ ተቆጠረ፤ በዚያ ግንባር አካሉን ያጣ ሰው ለዓመታት የት ነበርህ ሲባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚመልስ ሆነ።

ደግሞም ያ ጦርነት እንዲሁ በጀግንነት ብቻ የሚተረክ አይደለም፤ ይህን ለማለት ከእኔ የሚቀርብ ሰው የለም። በሰኔ 1980 ዓ.ም. የሐውዜን ገበያ በአየር ተደብድቦ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል፤ በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከተያዘች በኋላ ከተማዋ ከአየር ተመትታለች። እኛ የምድር ሰዎች ጭነን ያሰናዳናቸው ቦምቦች የት እንደወደቁ ያን ጊዜ አልጠየቅንም። ነገር ግን አንድ ጦርነት ለመተረክ የሚያስቸግር በመሆኑ በውስጡ ያለፈውን ሰው ዕድሜ ቆርጠን መጣል አንችልም። የሚከብደው ይጻፍ፣ አንባቢም የራሱን ፍርድ ይስጥ።

የኮሎኔሉን ዘመን በተመለከተ ደግሞ ያ የተዘለለው ክፍል ከሌለ የመጨረሻው ክፍል ትርጉም ያጣል። የጀግንነት ወግ የሚወደው ሰው ምንም የማይፈራ በራሪ ነው። ኮሎኔል በዛብህ ግን በ1990 ዓ.ም. ወደ ኮክፒት ሲገቡ መመታት ምን እንደሆነ፣ በጃንጥላ ጠላት መሐል መውረድ ምን እንደሆነ፣ ምርኮም ምን እንደሆነ በገዛ ሕይወታቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የሄዱበትም ሰማይ ባዕድ ሰማይ አልነበረም፤ ከታች የሚጠብቋቸው ሰዎች አንድ ጊዜ ማርከው የያዟቸው ናቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ቢያዙ ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል ለማሰብ ከእሳቸው የተሻለ ምክንያት የነበረው ሌላ በራሪ በመላው አየር ኃይል ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም። ጽሑፋችሁ የመጀመሪያውን ምርኮ ሲዘል ይህን ሁሉ ከአንባቢው ወሰደበት።

የ1990ው የአየር ውጊያ አጭር ነበር። ግንቦት 28 ቀን የእኛ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ መቱ፤ በዚያው ዕለት የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፣ በአይደር ትምህርት ቤት አካባቢ ሕፃናትና እነርሱን ለማዳን የሮጡ ሰዎች አለቁ። የይገባኛል ጥያቄዎችን የመረመረው ኮሚሽን በኋላ በአይደር አካባቢ 53 ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውንና 185 መቁሰላቸውን መዝግቧል። ኮሎኔል በዛብህ አስመራ ላይ ተመትተው የተያዙት በእነዚሁ ቀናት ነው። ከዚያ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ሁለቱ መንግሥታት በአሜሪካ ሸምጋይነት የአየር ድብደባ ለማቆም ተስማሙ። የአንድ ሰው ዕጣ በስንት ቀን ልዩነት ሊለወጥ ይችል እንደነበር ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጽሑፋችሁ እዚህ ላይ «ከዚያ በኋላ ዕጣቸው አልታወቀም» ብሎ ያቆማል። እኔን ከርእሱ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ዐረፍተ ነገር ነው። ዕጣቸው እንደ ጉም የተነነ ያህል ነው የተጻፈው። ሰው ሲማረክ የማራኪው መንግሥት ኃላፊነት ነው፤ ይህ የደግነት ጉዳይ አይደለም፣ የታወቀ ሕግ ነው። ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛን የያዘ ወገን ስሙን እንዲያሳውቅ፣ ከሞተም አሟሟቱን መዝግቦ እንዲገልጽ፣ መቃብሩም እንዲታወቅ ያዝዛል፤ በ118ኛው አንቀጹ ደግሞ ውጊያው ሲቆም ምርኮኞች ሳይዘገዩ ተፈትተው ወደ አገራቸው ይመለሱ ይላል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የተፈረመው የሰላም ስምምነትም በሁለተኛው አንቀጹ ሁለቱ ወገኖች ከቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ጋር ተባብረው የጦር ምርኮኞችን ሁሉ ሳይዘገዩ እንዲለቅቁ ያስገድዳል። «ሁሉ» የሚለው ቃል ኮሎኔልንም፣ ተራ ወታደርንም ይጨምራል።

ኤርትራ የጄኔቫን ስምምነቶች የተቀበለችው በነሐሴ 1992 ዓ.ም. ነውና በ1990 ግዴታ አልነበረባትም የሚል ክርክር አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። ይህ ክርክር መልስ አግኝቷል። የኢትዮ ኤርትራ የይገባኛል ጥያቄዎች ኮሚሽን በሰኔ 1995 ዓ.ም. በሰጠው የጦር ምርኮኞች ውሳኔ፣ የስምምነቶቹ ዋና ዋና ድንጋጌዎች በልማድ የጸና ዓለም አቀፍ ሕግ በመሆናቸው ከዚያም በፊት ይሠሩ እንደነበር ወስኗል፤ ኤርትራም እስከ ነሐሴ 1992 ዓ.ም. ድረስ ቀይ መስቀል ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን እንዳይጎበኝ በመከልከሏ ሕግ ጥሳለች ብሏል። እውነቱን ሁሉ ለመናገር፣ በዚያው ውሳኔ ኢትዮጵያም በበኩሏ የኤርትራ ምርኮኞችን ለመመለስ በመዘግየቷ ተጠያቂ ሆናለች። በአስመራም በር ላይ ቁጭ ብላ ልጇን የምትጠብቅ እናት ትኖራለች፤ እርሷም የሚገባት መልስ ከእኛ እናቶች መልስ አያንስም።

መልስ ሊገኝ እንደሚችል ደግሞ ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። ኮሎኔል በዛብህ አብረዋቸው በኦጋዴን ሰማይ የዋሉት ለገሠ ተፈራ በዚያው ጦርነት ተመትተው በሶማሊያ ተማረኩ፤ በእስር ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1980 ዓ.ም. ሲስማሙ ምርኮኞች ተለዋወጡ፣ እሳቸውም ወደ አገራቸው ገቡ፣ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተቀበሉ። በስምምነቱ ጊዜ ሁለቱን አገሮች ይመሩ የነበሩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ናቸው፤ ሁለቱም በርኅራኄ የሚታወቁ ሰዎች አልነበሩም። ሆኖም የምርኮኞች ጉዳይ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ስለነበር ሂሳቡ ተወራረደ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአስመራ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ሲፈረም፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላም የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከሃያ ዓመት በኋላ አስመራ ሲያርፍ፣ እኔ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነበር። አበባ የያዙ ሰዎች ሲያለቅሱ አይቼ አብሬ አልቅሻለሁ። ነገር ግን ማኮብኮቢያው ሲታይ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. በራሪዎቻችን የተላኩበት ማረፊያ ያው ነው። በዚያ ሰሞን በአዲስ አበባም በአስመራም ከተነገሩት ብዙ ንግግሮች መካከል ስለ ኮሎኔል በዛብህ የተነገረ ቃል ለመስማት ጆሮዬን ጥዬ ነበር።

የእኔ ጥያቄ የጦር ናፍቆት ጥያቄ እንዳይመስልባችሁ እፈልጋለሁ። ከኤርትራ ጋር እንደገና እንድንጋጭ የሚሻ ሰው ካለ፣ ከእኔ ጋር አይስማማም። እንዲህ ያለው ሂሳብ በወዳጅነት ጊዜ ካልተጠየቀ በጠብ ጊዜ አይመለስም፤ በጠብ ጊዜ የሚነሣው ደግሞ መፈክር ለመሥራት ነው። የኮሎኔሉ ስም በየጊዜው ግንኙነቱ ሲሻክር በየመድረኩ እየተነሣ፣ ሲሞቅ ደግሞ እየተቀመጠ መኖሩ ለቤተሰባቸው ከዝምታው የባሰ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። በመጀመሪያ ርእሱና የፎቶግራፉ መግለጫ በሚቀጥለው እትም ይታረም፤ የሰሜኑ ጦርነትና የመጀመሪያው ምርኮ ከነዘመኑ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ጋዜጣችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለመከላከያ ሚኒስቴር ያቅርብ፤ ጥያቄውም «ዕጣቸው ታውቋል ወይ?» የሚል ሳይሆን፣ ከአልጀርስ ስምምነት ወዲህ በመንግሥት በኩል ስለ እሳቸው በየትኛው ቀን፣ ለማን፣ ምን ደብዳቤ እንደተጻፈና ምን መልስ እንደመጣ ይሁን። መልሱን ከነቀኑ አትሙት፤ መልስ ካልተሰጣችሁም አለመሰጠቱን ከነቀኑ አትሙት።

ሦስተኛው ነገር ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ለእኔ አይቀልም። ጽሑፋችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ኮሎኔሉ «ነበሩ» እያለ ይሄዳል። እኔም ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ብዕሬ ስንት ጊዜ ወደዚያው እንዳመራ ታያላችሁ፤ እስከ 1990 ዓ.ም. ያለውን ስናገር ልክ ነኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስላለው ስናገር ግን ማንም ያልፈቀደልኝን ነገር እየወሰንሁ ነው። የኤርትራ መንግሥት በሕይወት አሉ ብሎ አላሳያቸውም፣ አርፈዋል ብሎም የተቀበሩበትን ቦታ አላስረከበም። መግለጫው እስኪሰጥ ድረስ በጋዜጣችሁ ላይ የማዕረግ ስማቸው ሲጻፍ «የቀድሞ» የሚለው ቃል ከፊቱ እንዳይገባ፣ በሐዘን ጊዜ የሚባለውም እንዳይባል አደራ እላለሁ። የእርምት ጽሑፉን ለማዘጋጀት ስለ አውሮፕላኖቹ ቴክኒካዊ ነገር የሚጠይቀኝ አዘጋጅ ቢኖር ቢሾፍቱ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም፤ በስልክ እመልስለታለሁ፣ ቁጥሬን ከደብዳቤው ጋር ለብቻው ልኬያለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

ጡረተኛ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን
ከቢሾፍቱ